ሐዋ ቆይ

ከሆጤ ቁልቁል ወርደህ፣ ከወፍጮው ቤት ጀርባ፣
በቆርቆሮው በር ስር ጎንበስ ብለህ ስትገባ፣
አንድ ቴሌቪዥን አለ፣ አንድ ያረጀ መጫወቻ፣
ግድግዳው ላይ የተለጠፈ የደብተር ወረቀት ብቻ፦
«አስር ደቂቃ ሁለት ብር። ዱቤ የለም። ሸምሱ።»
(ዱቤ ግን ነበረ፤ ይረሳዋል እሱ።)

ጨዋታው ሲጀምር አንድ ሽማግሌ አለ፣
ድልድይ ላይ የቆመ፣ ጥላ ያንጠለጠለ፤
የሚለው አይገባን፣ ፊደሉ የሩቅ አገር፤
እኛ ነን በደሴኛ ያስተማርነው መናገር፦
«አብሽር ልጄ፣» ይላል፣ «መንገዱ ሩቅ ነው፣
ከነዚህ ከሦስቱ አንዱን ይዘህ እለፈው።»

ሦስት ቅርጫት ይከፍታል።
አንዱ የጅብ ግልገል፣ ጀርባው ላይ ፍም ያለው፤
ፍሜ አልነው።
አንዱ ትንሽ ጉማሬ፣ ባስነጠሰ ቁጥር ዝናብ የሚያዘንብ፤
ቦርኬ አልነው፣ በወንዛችን፣
ክረምት ሲገባ ጫማ ከደጅ ጠርጎ በሚወስደው።
ሦስተኛዋ ሚዳቋ፣ ከቀንዷ ጫፍ ቡቃያ የበቀለ፤
ጤናዳም።
ጤናዳምን የሚመርጥ የለም። ሽታዋ ነው እንጂ
ጉልበቷ የት አለ?

ሕጉን የማያውቅ ልጅ ሰፈራችን አልነበረም፦
እሳት ቅጠል ይበላል፣ ቅጠል ውሃ ይጠጣል፣
ውሃ እሳት ያጠፋል፤ ከዚህ ሌላ ሕግ የለም።
ቶፊቅ ፍሜን ይዞ ሦስት ከተማ አለፈ፣
አራጋው በቦርኬ ስንቱን አንሳፈፈ።
እኔም እንደ ወንዶቹ ፍሜን ነው የያዝኩት፤
ለምን እንደሆነ ዛሬም አላወቅኩት።

ሐዋ ግን፣
የሙጋዷ ሐዋ፣ የሻሿን ጫፍ በጥርሷ ነክሳ፣
ሁለት ብሯን ከፍላ ተቀመጠች፣
ወደ ፍሜ ሄደች፤ ጅቡ ሳቀላት።
ወደ ቦርኬ፤ አስነጠሰ።
ወደ ጤናዳም፤ ጆሮዋን አቆመች።
እንደገና ወደ ፍሜ።
«ምረጪ እንጂ!»
«ቆይ።»
«ሰዓትሽ እያለቀ ነው'ኮ!»
«ቆይ አልኩህ።»
አስር ደቂቃ ሞላ። ሸምሱ ትከሻዋን ነካ።
ሳትመርጥ ተነሳች፤ አልከፋትም ለካ።

ማክሰኞም መጣች። ሐሙስም። ጁምዓ ከሶላት በኋላም።
ሁለት ብር ለማየት፣ ሁለት ብር ለመቆም፣
ከድልድዩ ወዲያ አንድ እርምጃ ሳትቆም።
ሳቅንባት። ስሟንም «ሐዋ ቆይ» አልነው።

አንድ ቀን ወፍጮው ሲጮህ ጆሮዋ ስር ጠየቅኳት፣
«ዳቦ አይሻልሽም፣ በዚህ ብር?» አልኳት።
«ያ ባላንጣ ልጅ አለ አይደል፣» አለች፣
«እኔ አንዱን ሳነሳ፣ የኔን የሚያሸንፈውን መርጦ የሚከተለኝ?
በቃ፣ ሁለቱ ሄዱ። ሦስተኛውስ?
ቅርጫቱ ሲዘጋ ማነው የሚያበላው?
ሽማግሌው ጥላውን አጥፎ ቤቱ ሲገባ
የት ነው የሚያድረው?»

እኔ ምን ልበላት! ፍሜዬ አድጎ፣
ጀርባው ላይ ምድጃ የሚያህል እሳት ተሸክሞ፣
አንድም ቀን ዞር ብዬ ድልድዩን አላየሁም።
ያን ማታ በሁለት ብሬ ወደ ኋላ ተጓዝኩ፣
ሦስት ከተማ፣ አንድ ዋሻ፣ ጭጋጉን ሰንጥቄ ደረስኩ።
ሽማግሌው የለም። ቅርጫቱ ተከድኗል።
ቁልፉን ተጫንኩት። አንድ መስመር ጽሑፍ ወጣ፤
አጭር ነበረ፣
መጨረሻው ላይ ሦስት ነጥብ።
ሸምሱ «ሞላ» አለኝ።

አሁን እሱ ሲሚንቶ ይሸጣል፣ እኔ ፒያሳ ስልክ እጠግናለሁ።
ሐዋን ባለፈው ቧንቧ ውሃ አየኋት፣ ታክሲ ስትጠብቅ፤
ሁለት ባዶ መኪና አሳልፋ፣
ሦስተኛው ላይ ወጣች፣ በሩ በገመድ የታሰረው ላይ።
አልጠራኋትም።

ትናንት አንድ ልጅ አሮጌ መጫወቻ አመጣልኝ፣ «ሞቷል» ብሎ።
ባትሪውን ቀየርኩ፣ ጠረግኩት፣ ጦሳ ላይ ጭጋጉ ሲወርድ
በራ።
ድልድይ። ጥላ። ሦስት ቅርጫት።
ጅቡ ሳቀልኝ።
አውራ ጣቴ ቁልፉ ላይ ነው።
ልጁ ባንኮኒው ላይ በክርኑ ተንጠልጥሎ፣
«ይሠራል?» አለኝ።
«ይሠራል።»
«እና ስጠኛ!»
«ቆይ።»