እፍኝ እሳት

ስታዲየም ዙሪያ፣ ከደረጃው ሥር፣
ሁለት በሁለት ናት ሱቄ ስትቆጠር።
አንድ የብረት መዝጊያ፣ አንድ ደብዛዛ አምፖል፣
ጎል ሲገባ ጣራው አቧራ ያዘንባል።

ሐሙስ ወደ ማታ ዘርጋው ብቅ አለ፣
መርከበኛ ነው፣ ዕረፍት ላይ ያለ።
"ክዳኑ አልገጥም አለኝ፣ እዪልኝ እህቴ፤"
እንደ ዕንቁላል ይዞ አኖረው ከፊቴ።
ከፈትኩት። ባትሪው ሆዱ ተነፍቷል፣
እንደ ጠገበ ሰው ቀበቶው ጠቦታል።
ሌላው ደንበኛዬ "ገና ይሠራል" ባይ፤
እሱ ግን ፈቀቅ አለ፣ ዓይኑን ጥሎ በሩ ላይ።

"ካቢናችን ጠባብ፣ ካንቺም ሱቅ ታንሳለች፤
ክብ መስኮት አላት፣ ተበይዳ የቀረች።
ከጂቡቲ ወጥተን በሦስተኛው ሌሊት
አብሮኝ የሚያድረው ልጅ፣ ቦጋለ የሚሉት፣
ፓወር ባንክ ሰክቶ ትራሱ ሥር ደበቀ፣
የልጁን ቪዲዮ ሲያይ ተኛ እንደሳቀ።
መጀመሪያ ፉጨት፣ እንደ ማንቆርቆሪያ፣
ከዚያ ጣፋጭ ጭስ፣ የጉሮሮ መዝጊያ።
ዕቃው እፍኝ አይሞላ፤ እሳቱ ክፍል ሞላ!

አዲስ ላይ ቤት ቢነድ ጎረቤት አለልሽ፣
ባልዲውን አንጠልጥሎ መንደር ይወጣልሽ።
ባሕር ላይ ግን ማን አለ? 'ኡኡ' ብትዪ ለማን?
ውሃ ከቦን ሳለ ውሃ ነው ያጣን።
በባልዲ፣ በጣሳ፣ በብርድ ልብስ ታግለን
ሞተ ስንል ይነሣል፣ ሦስት ጊዜ ገድለን።

ቦጋለማ ተርፏል።
ቪዲዮውን ሊያይ ሲል ስልኩ አያውቀውም፣
አውራ ጣቱ ላይ አሻራ የለውም።"

ዘርጋው ዝም አለ። ላይ ጎል ገባ መሰል፣
አቧራው ዘነበ በሁለታችን መሃል።

"ቂርቆስ ቤቴ ገብቼም ሌሊት እነሣለሁ፣
በዳበሳ ሄጄ ቻርጀር እነቅላለሁ።
'መሬት ላይ ነህ እኮ' ትለኛለች ሚስቴ፤
እግሬ ግን አያምናት፣ ይወዛወዛል ቤቴ።"

አዲሱን ገጥሜ አሮጌውን ልጥል
ጎንበስ አልኩ ወደ ታች፣ ከወንበሬ ሥር በኩል፤
ለቆራሌው ብዬ ስንት ወር ያጨቅሁት
ካርቶን ሙሉ ባትሪ፣ ያበጠው በያይነት።
በላዩ ተቀምጬ ምሳዬን በላለሁ።
በላዩ ተቀምጬ ስንቱን ስቄ ሸኘሁ።
አንድ በር። መስኮት የሚባል የለም።
ባሕር አይቼ አላውቅም፣ በሕልሜም።

ማታ ቆልፌ ወጣሁ። የሳሪስ ታክሲ ላይ
አጠገቤ ያለው ልጅ ጎንበስ ብሎ ስልክ ሲያይ
ፊቱ በራ። ከፊቴም በራ፣ ከኋላም በራ፤
አሥራ ሁለት ሰው ነን፣ ሁሉም ከነጮራ።
ወያላው በሩን ዘጋ።
"ወራጅ አለ!" አልኩኝ፤
ላልሄድኩበት ከፍዬ ወደ ካርቶኔ ሮጥኩኝ።