ሃያኛው ስም

ቫልፓራይሶ ማለት ሰው የሰፈረበት ዳገት፣
የታችኛው ጣራ የላይኛው ደጃፍ የሆነበት።
ሁለት መቶ አርባ እርከን ከወደቡ ወጥቶ
ትንፋሽ የተረፈው ያገኘናል በስተግራ ገብቶ።
አሮጌው አሳንሰር፣ በገመድ የሚሳበው፣
ጠዋት ሠራተኛ አውርዶ ማታ የሚመልሰው፣
ከቆመ እነሆ ሦስተኛ ክረምቱ፤
“ጥገና ላይ ነው” ይላል በሩ ላይ ወረቀቱ።

ስለዚህ በእግር ነው። ኤዱቪጌስ ስትወጣ
ከላይ እሰማታለሁ ጉልበቷን ስትቆጣ፤
ስድሳ አንድ ዓመቷ ነው፤ ዓሣ ስትፍቅ ውላ፣
ቅርፊቱን እንደ አምባር በክንዷ ጠቅልላ
ትገባለች። “ሩብ ከግማሽ ያንሳል? ይሄ ምን ያቅተኛል!
ሚዛን የሰረቀኝ ሁሉ በነጻ አስተምሮኛል።”

ደግሞም ኤልቪዮ አለ፣ አሥራ ሰባት ዓመቱ፣
ሁለት ትምህርት ቤት ያባረረው ለንዴቱ፤
ዴስክ ላይ ስሙን ሲቀርጽ ያዝኩት፣ በሚስማር፤
ዝም አልኩት። ፊደሉ ከደብተሩ ይልቅ ያምር ነበር።
ሮዝላንድም ከሄይቲ፣ ልጇን አዝላ የምትመጣ፣
የሕፃኑ ስፓኒሽ ከሷ ቀድሞ የሚወጣ፤
እሱ ካፖርቷ ላይ ተኝቶ፣ እሷ አንድ ቃል ስታላምጥ
ዝናቡ ቆርቆሮውን እየሮጠ ሲረግጥ።

እኔ ሒሳብ አስተማሪ ነኝ፤ ከቁጥር ጋር የኖርኩ፤
መጋቢት ላይ ግን ቁጥርን መጀመሪያ ፈራሁ።
ደብዳቤ መጣልን፣ ማኅተም ያረፈበት፦
“ሃያ ተማሪ የሌለው የማታ ክፍል ይዘጋል፤
የቀሩት ይዛወሩ ወደ ሜዳው ትምህርት ቤት።”
ሜዳው በአውቶቡስ ሁለት፣ ሲመሽ ደግሞ ሦስት ነው፤
የመጨረሻው አውቶቡስ ደወላችንን አይጠብቅም።

ቆጠርኩ። አሥራ ዘጠኝ።
ደግሜ ቆጠርኩ። አሥራ ዘጠኝ።
የሮዝላንድን ሕፃን ጨምረሽ ቁጠሪ፣ ቁጠሪ አለኝ።

ዞርን። ዳቦ ቤት፣ ጋራዥ፣ የመርከብ ጥገና፤
“ነገ”፤ “ከፋሲካ በኋላ”፤ “ልጄ ይደግና”፤
አንዱ ሳቀ፦ “በዚህ ዕድሜ? ምን ሊያደርግልኝ?”
መልስ ነበረኝ። ከደረጃው ብዛት ትንፋሽ ጠፋኝ።

በዚያው ማታ ኦሌጋሪዮ፣ ዘበኛችን፣
የቁልፍ ጥርስ ዳብሶ በጨለማ በር የሚከፍትልን፣
ደብዳቤውን በሩ ላይ ለጠፈ፣ በመዳፉ አለስልሶ፣
አራቱንም ጥግ አቃንቶ ጨርሶ፤
ገልብጦ።

ርዕሱ በአናቱ ቆሞ፣ ፊደሉ እግሩን ሰቅሎ፤
ኤልቪዮ ሊስቅ ሲል የኤዱቪጌስ ክርን ጎሸመው ቶሎ።
ያኔ ገባኝ። ማኅተም ሁሌ ከታች ነው፤ በሱ ነበር የሚለይ፤
ያሁኑን የመቱት ከርዕሱ በላይ።
ሠላሳ ዓመት ስንቱን ለጠፈ፣ የፈተና ቀን፣ የምዝገባ፣
አንድም ፊደል ሳይገባው፣ እሱም ወደ ክፍል ሳይገባ።

መብራት ላጠፋ ስል መጣ፤ ቁልፎቹን በጡጫው አፍኖ፣
እንዳይጮኹ፤ ኮፍያው ብብቱ ሥር ሆኖ።
“መምህርት፣ ቆጠርሽ?”
“ቆጠርኩ።”
“እኔንስ?”

ቅጹን ልሞላለት ብዕሬን ሳነሳ
ኤልቪዮ፣ ያ ቁጡው፣ ከኋላ ተነሳ፤
“ተዪው፣ ራሱ ይጻፍ” አለና ጎኑ ተቀመጠለት፦
“የስምህ መጀመሪያ ክብ ነው፣ ሌላ ምንም የለበት፤
አየኸው? ቁልፍህን ያሰርክበት ቀለበት።”
ሳለው። ሳይገጥም ቀረ አንዱ ጎኑ።
ሃያ ሆንን። ቅጹም ተላከ በማግስቱ ቀኑ።

ይኸው ሰኔ ገባ፤ ጎርፍ በደረጃው ይወርዳል፤
መልስ የለም። አሳንሰሩም ያው እንደቆመ ውሏል።
ወረቀቱን ማንም አላቃናውም።
ኦሌጋሪዮ ብቻ፣ ማታ ማታ፣ አንገቱን ዘንበል አድርጎ
አንድ አንድ ፊደል ይለቅማል፣ በጣቱ ፈልጎ።
ትናንት “ይዘጋል” የሚለው ላይ ደርሶ ቆመ፣ አመነታ፤
ከዚያ ቁልፉን መረጠ፤ በሩን ከፈተው፣ እንደ ሁልጊዜው ማታ።