አንድም

ሊቮርኖ፣ ወደቡ ዳር፣ ሙዚየሙ ውስጥ፣
ሦስተኛው ክፍል ነው የእኔ መቀመጫ፤
ፊት ለፊቴ ተሰቅሏል አንድ ትልቅ ሸራ፤
ሸራ ልበል እንጂ፣ ጆንያ ነው፣ ቃጫ፤
ሬንጅ የጠጣ፣ ጠርዙን እሳት የላሰው፣
መሃሉ ተቀዶ በሲባጎ የተሰፋ።
ከሥሩ በነሐስ ተጽፏል፦ «ርዕስ የለሽ»፤
እንደ ጨቅላ ሬሳ፣ ስም ሳይወጣለት የጠፋ።

እሑድ እሑድ ይመጣሉ ሊቃውንቱ፣
መነጽር ወደ ግንባር፣ እጅ ወደ ኋላ።
ዶክተር ፎርቱናቶ ጉሮሮውን ይጠርጋል፦
«ቅዱ ቁስል ነው፤ የአውሮፓ ገላ።»
አንድም፣ ይላል ከሮም የመጣው፣
ከአውሮፕላን የታየ የተቃጠለ እርሻ።
አንድም፣ ትላለች ቀጭኗ ሴትዮ፣ የቆመ ሰው ነው፤
ፊት የለውም እንጂ፣ ይኸው አንገት፣ ይኸው ትከሻ።
አንድም ምንም አይደለም፣ ይላል ወጣቱ፤
ምስል ሞቷል፤ ቁሱ ራሱ ይናገር።

እኔ ዝም። ዘበኛን ማን ይጠይቃል?
የሚጠይቁኝ ሽንት ቤቱን ነው።

ከዚህ ወንበር በፊት ግን አሥራ አንድ ዓመት
መጋዘን ውስጥ ጆንያ ጠጋኝ ነበርሁ፤
መዳፌን ወስፌ ስንቴ ወጋው።
አይጥ የበላውን፣ መንጠቆ ከቀደደው ለይቼ አውቃለሁ፤
የአይጥ ክብ ነው፤ የመንጠቆ ወደ ላይ ይስቃል።

አንድ ማክሰኞ፣ ዝናብ፣ ሰው የለም፣
ሌላውን «አትለፉ» የምልበትን ገመድ አለፍሁት፤
ስፌቱን በዓይኔ ተከተልሁት።
አራት ጥልፍ፣ ከዚያ ቋጠሮ፣ ወደ ግራ የዞረ፣
ጭራው ሁለቴ የታሰረ።
እንዲህ የሚቋጥር አንድ እጅ ብቻ ነበረ።

ኔሪና።
ግራኟ ኔሪና፣ ሲባጎ በጥርሷ የምትበጥስ፣
ከጎኔ ተቀምጣ በእኔ ሳንቲም የምታጨስ።
በአርባ ሦስት፣ በግንቦት፣ በጠራራ ፀሐይ
መጋዘኑ ላይዋ ወደቀ።
የቀበርነው ጫማዋን ነው፤ እሱንም አንዱን።

ሠዓሊው ከጉምሩክ ጨረታ ገዝቶት ይሆናል።
ሬንጅ ቀባው፣ ለበለበው፣ ስሙን በጀርባው ጻፈ፤
ስፌቱን ግን አልነካም። ወይ ውበቱ ገብቶት፣
ወይ ደክሞት፤ እንጃ። ብቻ እጇ ተረፈ።

ለዶክተሩ ልነግረው አፌን ከፍቼ ነበር።
ማስታወሻ ደብተሩን ሲያወጣ አይቼ
መልሼ ዘጋሁት።

ትናንት አንዲት ሕፃን፣ የእናቷን እጅ ለቃ፣
«ምንድን ነው?» አለችኝ።
«ጆንያ» አልኋት።
«ምን ነበረበት?»
ይህን እስከ ዛሬ የጠየቀ ሊቅ የለም።
«ዱቄት» አልኋት። ትንሽ ቆይቼም፦
«አንድም...»
እናቷ ጠራቻት።