ሳህን ሦስት

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት፤ ዝናብ በበርገን ላይ፤
ራንቫይ አጎንብሳ በማጉያው ስታይ፣
አንዲት የዓሣ ዕንቁላል፣ ከጤፍ ያልበለጠች፣
ሆዷ ውስጥ ልብ በቅሎ ትር ትር ትላለች።

ሂሴ ይሏታል እዚህ፤ የሰሜን ባሕር ዘር።
ዓይኗ ገና ጥላ፣ ጅራቷ ገና ክር።
ከአካሏ ሁሉ ቀድሞ ሥራ የጀመረው
ይኸው ልብ ብቻ ነው።

ሳህን አንድ፦ ንጹሕ ውኃ። ሠላሳ አራት ምት።
ሳህን ሁለት፦ ሠላሳ አራት። ደግ። ይህ ነው ሕይወት።
ሳህን ሦስት ላይ ግን ድፍድፍ ተጨምሯል፤
ስንት? ብትጠይቁ ምላስ ያፍርበታል፤
በሐይቅ ሙሉ ውኃ ጭላፊ እንደማለት፣
ቀለም የማይለውጥ፣ ሽታም የሌለበት።

የሂሴ ዕንቁላል ቆዳው ያጣብቃል፤
የዘይቱን ፍንጣሪ እንደ ሙጫ ይስባል።
እናቲቱ እንደሆን ዘርታው ሄዳለች፤
ታቅፋ የምትፈለፍል ዶሮ አይደለች።

እዚህ ልቡ ሰንፏል። ይመታል፤ ይቆማል፤
መንገድ እንደጠፋው ሰው ቆይቶ ያስባል።
ሃያ አንድ። ሃያ። ደረቱ ውኃ ቋጥሮ፣
አከርካሪው ጎብጦ፣ እንደ ማጭድ ዞሮ፣
መንጋጋው ሳይወጣ፤
ነገ ይፈለፈላል፣ አፍ የሌለው እንግዳ፣
ማዕድ ወዳለበት ባሕር ሊመጣ።

አባቷ ኦስሙንድ ሠላሳ ዓመት ሙሉ
በብረት ደሴት ላይ
ድፍድፍ ሲያስቀዳ ነው ያለቀው አካሉ።
የጥርሷ ማቃኛ፣ ቫዮሊን፣ ትምህርቷ፣
ይህ መብራት ራሱ፣ ይህ የማጉያ ቤቷ፣
ከዚያው ጉድጓድ ወጣ።
እና ማንን ትክሰስ? በየትኛው ጣቷ?

ባለፈው እሑድ፣ ድንች እየላጠ፣
"ስንት ቆጠርሽ?" አላት፣ ፊቱ እየተለወጠ።
"ስድስት መቶ።"
"ስንቱ ቀጥ ያለ ነው?"
መልስ አልሰጠችውም። ቢላው ብቻ ሄደ፤
ልጣጩ ሳይበጠስ፣ እየተጠማዘዘ፣
ሳህኑ ላይ ወርዶ
ልክ እንደዚያ አከርካሪ ተጠቅልሎ ቀረ።
ሁለቱም አዩት።
ኦስሙንድ አነሣው፤ በመዳፉ ሸፈነው፤
ሊያቃናው የሞከረ መሰላት። ጣቱ ወፍራም ነው።
ተበጠሰበት።

አሁን ሌሊት ነው። ሳህን ሦስት፣ ዕንቁላል ዘጠኝ።
ዝናቡም አባርቷል፤ ማቀዝቀዣው ብቻ ያጉረመርማል።
እርሳሷ ወረቀቱን ሳይነካ ቆሟል።
አንድ።

ሁለት።


ደቂቃው አላለቀም።