ባለ ሃምሳ ሉክ

ደብተሯን ስገዛ ከበርበሬ ተራ ማዶ፣
ሻጩ «ለልጅህ ነው? ስንተኛ ክፍል?» ቢለኝ፣
«አንደኛ» አልኩት፤ አልዋሸሁም መሰለኝ፤
አርባ ሊሞላኝ ነው መቁጠር የጀመረኝ።

እኔ እኮ ሚዛን ነኝ፤ የቡሬ ገበሬ
ጆንያውን ጥሎልኝ፣ ጀርባውን አዙሮ
«የልየው እጅ ልክ ነው» ብሎ ሲምል ኖሮ፣
የራሴን ኪስ ግን ሳልመዝነው አድሬ፣
ስድስት ጨዋታ ገጥሜ፣ አምስቱ ሲሳካ፣
ስሙን የማልጠራው አንድ የኖርዌይ ቡድን
የትሁኔን ዕቁብ ጎርሶት ኖሯል ለካ።

ዕቁቡ ለጣራ ነበር፣ ለአራት ቆርቆሮ።
እኔማ አልነገርኳት፤
ሐምሌ ገባና ዝናቡ ነገራት።
ሳፋ ከአልጋው ራስጌ፣ ድስት ከመደቡ፣
ሌሊቱን ጠብ፣ ጠብ፣ ይቆጥራል ዝናቡ።
አንድም ቃል አልወጣት።
የስልኬን ምስጢር ቁጥር ብቻ ጠየቀችኝ፤
ሰጠኋት።

ቤት ይሉታል ደግሞ! «ቤቲንግ ቤት» ይሉታል፤
ስንቱ ቤት እዚያ ቤት ገብቶ ቀልጦ ቀርቷል።

ቅዳሜ፣ ዘጠኝ ሰዓት፣ ኳሱ ሊጀመር ሲል፣
ከእንየው አናጢው ጓሮ፣ ፍቅፋቂ ላይ ሆነን
ሦስት እንቀመጣለን።
ሐኪም የለ፣ ሰባኪ የለ፤
እንየው፣ እኔ፣ ደግሞም
የሸጠውን ባጃጅ ተቀጥሮ የሚነዳው አሞኘ፣
ያጣውን ሳይሆን
ያልተጫወተበትን ቀን ሊያወራ የተመኘ።

እንየው፣ እርሳስ ከጆሮው እንደ ሰካ፣ እንዲህ ይላል፦
«ሲነሳብህ አትሟገተው፤ ይረታሃል።
ሩብ ሰዓት ብቻ ቆይ። ውሃ ጠጣ። እንጨት ላግ።
እንደ ቁርጠት ነው፣ ጠምዝዞህ ያልፋል።
በዚያ መንገድ አትሂድ፤ በቄራው በኩል ዙር፤
ይገማል፤
ግን ያሳልፋል።»

እና ማታ ማታ
«ዛሬም አልቆረጥኩም» ብዬ እጽፋለሁ፤
ትኬት ይሁን ተስፋ፣ ለአንባቢ ትቻለሁ።

በሃያ ሦስተኛው ቀን
ቆረጥኩ።
መቶ ብር ናት፤ አንድ ነጋዴ ለሻይ ያለኝ፤
ከሚዛኑ እስከ ቤቲንጉ እግሬ አልከበደኝ።

ቅዳሜ ያቺን ወረቀት ልገነጥል ስል
እንየው እጄን ያዘ፦
«ተው። ሽቦዋን እያት።
ይቺን ስትገነጥል፣ ከወዲያ በኩል ያለች አቻዋ
አብራ ትወድቃለች፤
ገና ምንም ያልጻፍክባት።»
አሞኘ ሳቀ። ከዚያ አልሳቀም።
እኔም አልቀደድኳት።

ቤት ስገባ ሳፋው እስከ አፉ ጢም ብሏል።
«አንድ» ልበል እንደገና፣ ወይስ ሃያ አራት?
ግራ ቢገባኝ ትሁኔን ጠየቅኳት።
«ቀኑን ብቻ ጻፍ» አለች፣ ፊቷን ሳታዞር፤
«ከዚያ ሳፋውን ድፋው፤
ሳይነጋ ይሞላል።»