ፊደል ቆራጩ

ኩሬ ትባላለች ያደግኩባት ከተማ፤
ደጇ ሙሉ ባሕር፣ በስሟ አትታማ።
አያቴ ሞሪኪቺ እዚያች ወደብ ዳር
አርባ ዓመት በየደ ብረት ከብረት ጋር፤
ብረቱን ሲያናግር እሳት እየተፋ
ፊደል ሳይቆጥር ነው ዕድሜው የገፋ።

እኔ አላውቅም ነበር።
አውቶቡስ ሲመጣ፣ «መነጽሬን ረሳሁ፤
አንብቢልኝ ቺሳ» ሲለኝ አነበብኩ፤
ከደረት ኪሱ ላይ ክፈፏን እያየሁ
«እውነትም ረሳ» ብዬ አመንኩ።

እናቴ ነርስ ናት፣ የሌሊት ተረኛ፤
የምሳ ሳጥኔን የሚሞላው እሱ፣
ወፍ ሳይንጫጫ፣ ዓለሙ ሲተኛ።

የኢቡኪ ቤንቶ ድብ ነው፤ ጆሮው ሩዝ፣ ዓይኑ አተር።
የሃናኤ ባቡር፤ ጎማው የካሮት ክብ።
የኔ ግን ነጭ ሩዝ፣
መሐሉ ላይ ከባሕር ቅጠል፣ ከኖሪ፣
በጥፍር መቀስ የተቆረጠ
አንድ ጥቁር ፊደል፣ ትንሽ የተንጋደደ።

ሰኞ «አ» ነበረ፣ የፊደላችን በር፤
እንደ ገመድ ቋጠሮ፣ አንድ እግሩ የተሰበረ።
ማክሰኞ «ሺ» መጣ፣ የዓሣ መንጠቆ፤
ረቡዕ «ኖ»፣ ቀንድ አውጣ በቅርፊቱ ተደብቆ።

«ለምን ድብ የለኝም?» አልኩት።
«ድብ ገና አልተማርኩም፤
ትናንት ማታ የደረስነው ‹ኖ› ላይ ነው።»

ያኔ ገባኝ።
«ዓሣ ላጠምድ» እያለ የሚወጣው
የማታ ትምህርት ቤት ነው ለካ።
ደብተሩ ሩዝ፣ ቀለሙ ኖሪ፤
እኔም በየቀኑ፣ እኩለ ቀን ላይ፣
የአያቴን የቤት ሥራ እበላ ነበር።

ፊደል ያልቆጠረ ፊደል ሲቆርጥ አየሁ።
ቆጠረ፣ ቆረጠ፦
ሁለት ሆሄ ብቻ ቦታ የተቀያየሩ።
በስሜም የደረሰው ይኸው ነው።

«ቺ» እና «ሳ» መንትዮች ናቸው፤
አንዷ ወደ ቀኝ፣ አንዷ ወደ ግራ ሆዷን የነፋች፣
የወለደቻቸው እንኳ የማትለያቸው።
ሐሙስ ክዳኑን ከፈትኩ፦ «ሳቺ»።
ኢቡኪ ሳቀ፤ ሩዝ ባፍንጫው ወጣ።
መምህርት ናካታኒ ጎንበስ ብለው አዩና
«ሳቺ ማለት እኮ መታደል ነው» አሉ።
መታደል አልፈለግኩም። ስሜን ነበር የፈለግኩት።
ማታ ነገርኩት፦
«አያቴ፣ ገልብጠኸኛል።»

በማግስቱ ሩዙ ባዶ ነበር።
ነጭ። ዝም ያለ።
ማንም ያልሄደበት በረዶ፤
መሐሉ ላይ አንዲት ቀይ የጨው ፕለም
እንዳፈረ ጉንጭ።

አልበላሁትም።
በቾፕስቲክ ጫፍ ሩዙን አርሼ
«አ» ጻፍኩበት፣ እሱ እንደሚጽፈው፣
የተሰበረ እግሩን ሳልጠግን፤
ክዳኑን ገጥሜ መለስኩለት።

ሰኞ ስከፍት፣ ሩዙ ላይ አሁንም ምንም የለም።
ልቤ ወረደ።
ለካ እንፋሎቱ ፊደላቱን ነጥቆ
ከክዳኑ ሆድ ጋር አጣብቋቸው ኖሯል።
ክዳኑ እንደ መስተዋት የሚያሳልፍ ላስቲክ ነው፤
ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሳሁት።
ከኔ በኩል፦ «ቺሳ»።
ከመስኮቱ ማዶ፣ ግቢው ውስጥ የቆመው ኢቡኪ
ጣቱን እያስከተለ አነበበ፦ «ቺሳ»።
«ቺ» በጀርባዋ «ሳ» ናት፣ «ሳ» በጀርባዋ «ቺ»፤
ሲዞሩ ቦታም ይለዋወጣሉ፤
ስሜ ከፊትም ከኋላም ስሜ ነው፣
ጀርባ የለውም።

ማታ ሳጥኑን እያጠበ፣ ፊቱን ሳያዞር፣
«ተነበበ?» አለ።
«ከየት በኩል?» አልኩት።
አልገባውም።
ደብተሩን ብብቱ ሥር ሸጉጦ ወጣ፣ ክፍሉ ረፍዶበት።
አውራ ጣቱ ላይ አንዲት የኖሪ ቁራጭ፣
ነጥብ የምታህል፣ ተለጥፋ ነበር።
አልነገርኩትም።