እሳቸው

ስሟ ጀልባ ማለት ነው፤ ወንዝ ግን የላትም፤
የነበራትን በጡብ ደፍና ከመንገድ ሥር ቀብራዋለች፣ ሲፈስ አይሰማትም።
ዉች ይሏታል የፖላንድ ሰዎች።
እኔ ከባቡር ስወርድ «ውጭ» ብዬ ሰማሁ፤ ብዙም አልዋሹኝ ጆሮዎች።

በቀድሞ የፈትል ፋብሪካ፣ በአራተኛው ፎቅ፣
ሉድቪካ ተቀምጣለች፣ ፋርስኛን ከነሳሉ የምታውቅ።
ስኳር በጥርሷ ይዛ ሻይ ትስባለች፤
ጥርሱ የፖላንድ፣ ልማዱ የኢስፋሃን።
እናቷን፣ ጦርነት አሰድዷት የስድስት ዓመት ሕፃን ሳለች፣
ያች ከተማ ሮማን ፈልፍላ አጉርሳት ነበር፤
የዚያን ጉርሻ ብድር፣ ይኸው አርባ ዓመት፣
ልቦለድ በልቦለድ፣ ፊልም በፊልም ትከፍላለች።

የእኔ ሥራ ቀላል ነው፤ ፊልሙ ሲታይ ከኋላ ተቀምጦ
ትርጉሙን ከሥር መልቀቅ፣
ከተናጋሪው አፍ ሳይቀድሙ፣ ሳይዘገዩ።
«ሁለት መስመር» ትለኛለች፣ «ከዚያ በላይ ዓይን አይችልም፤
የሰው ኀዘን ሰባ ፊደል ነው፤ ለተረፈው አይከፈልም።»

ማክሰኞ ማታ አንድ ቦታ ላይ ተያዘች።
አንድ አናጢ ነው፤ ሳንቃ እየላገ፣ ጀርባውን ሰጥቶን፣
ስለ አንድ ሰው ያወራል፤ ስለመጣ፣ ውሃ ስለለመነ፣
ሳይጠጣ ስለሄደ… ወይም ስለሄደች።
ይኸው፣ እኔም ተደናቀፍኩ።

«በፋርስኛ አይለይም» አለች፤ «ለወንዱም ለሴቷም አንድ ቃል ነው።
የእኛ ግሥ ግን ሱሪ ወይ ቀሚስ ሳያጠልቅ ከቤት አይወጣም። የእናንተስ እንዴት ነው?»
«ያው ነው። መጣ፣ ወይ መጣች። ብቻ ሰው ሲከበር
ይሰወራል፤ እሳቸው መጡ ካልን፣
ወንድ ይሁኑ ሴት የሚያውቀው በር የከፈተው ነው።»

ዓይኗ በራ። በእርሳስ፣ በራሷ ፊደል፣ ኅዳጉ ላይ ጻፈችው፤ እሳቸው።
ከዚያ ፊልሙን መልሳ አናጢውን አየችው፤
መላጊያው በድንገት እንዴት እንደቀለለ፣
እጁ የእንጨቱን ጉጥ እንዴት እያባበለ እንዳለፈ።
«አይሆንም» አለች። «ይህ እጅ አንቱ አይልም።»

ቅዳሜ አዳራሹ ሞላ። እዚያ ቦታ ስንደርስ፣ እንዳዘዘችኝ፣
ጣቴን ከቁልፉ አነሳሁ።
ዐሥራ አንድ ሰከንድ፣ ከሥር ባዶ ጨለማ፤
አናጢው ተናገረ፣ መላጊያው ተሰማ።
ከኋላ አንድ ሽማግሌ፣
«ልጁን እንቅልፍ ወስዶት ነው» ብሎ አጉረመረመ።
ሉድቪካ ከፊት ረድፍ ነበረች፤ ዞር አላለችም።

ይህን ስጽፍ ከመጀመሪያው እሷ አልኳት።
ዕድሜዋ የእናቴ ነው፤ እንዳስተዳደጌ ቢሆን
እሳቸው ማለት ነበረብኝ፤ ማንም ያውቀዋል።
ላርመው ብዬ እርሳስ አነሳሁ፣ ከላይ ጀመርኩ፤
«ተቀምጣለች» ላይ ደረስኩ።
ተውኩት።